ፌንጣ ዞረ

ቦንጋ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2005 ዓ.ም.

ታላቅ እህቴ አልማዝ ያለ ወሩ ስለተወለደው ልጇ እድገት የሚጠይቅ ወረቀት ዛሬ ከጤና ጣቢያ ይዛ መጣች። አንባቢው እኔ፣ ሰባተኛን የደገምኩት ምሁር! "ስሙ ሲጠራ ዞር ይላል?" የሚለው ላይ ስንደርስ "በረከት! በረከት!" አለችው። ጣቱን ይጠባል እንጂ ንቅንቅ የለም።

"ጆሮው ይሆን እንዴ?" አለች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ቀልዱ ጠፋኝ።

ግን እቤት ማን በረከት ብሎት ያውቃል? ሲወለድ እግር ብቻ ስለነበር ፌንጣ አልኩት፤ እሷም ሳትቀር ፌንጣ ነው የምትለው። ከኋላው ሆኜ ቀስ ብዬ "ፌንጣ" አልኩ። ዞሮ በድዱ ሳቀብኝ።

አልማዝ እያለቀሰች በነጠላዋ ጫፍ ቸብ አደረገችኝ። "አንተ ቀልማዳ! አዎ ብለህ ጻፍ እንጂ!"

ጻፍኩ። ሳታየኝም ከሥሩ "ነርሷ ስትጠራው ፌንጣ ትበለው" ብዬ ጨመርኩበት።