በጓሮ በኩል የነበረው በር

ሰኞ፣ ቢቸና

ተከራዬ ሰይድ የሞጣውን ቤቴን ለቀቀ። ቁልፉን በጭነት መኪና ሾፌር ነው የላከልኝ። ክሊኒክ ውስጥ የአንድ ገበሬ ቁስል እያጠብኩ ሳለ ሾፌሩ ገብቶ ቁልፉን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረና፣ «ሰይድ አፉ በሉኝ ብሏል» አለኝ። ምነው፣ ምን ሆነ ብዬ ስጠይቀው ጫማውን ያይ ጀመር።

ከገና ወዲህ ሁለተኛው ተከራይ ነው። የመጀመሪያውም እንዲሁ ሳይነግረኝ ነው የወጣው።

እናቴ ደሴ ላይ ዕድሜዋን በኪራይ ቤት ጨረሰች። አልጋችን በሰው ትከሻ ከሰፈር ሰፈር ሲዞር እያየሁ አደግሁ። ድሬሰር ሆኜ ቢቸና ስመደብ ለራሴ የማልኩት አንድ ነገር ነው፤ መሥሪያ ቤት ቢያዛውረኝም የትም ብሄድ የራሴ ቤት ይኑረኝ። ያለኝን ሁሉ፣ የጆሮዬን ወርቅ ጭምር ሸጬ የሞጣውን ቤት ገዛሁ። ኪራዩን አጠራቅሜ ቢቸና ላይ ሁለተኛ ልገዛ ነበር። «አንዱ ቤት ሌላውን ይወልዳል» ብሎ ያስጎመጀኝ የወረዳው ጸሐፊ ነው። እስካሁን የወለደልኝ ጭንቀት ብቻ ነው።

የሳምንት ፈቃድ ወስጃለሁ። ነገ እሄዳለሁ።

ማክሰኞ፣ ሞጣ

መንገዱ አጥንቴን ለያየው። ጉንደ ወይን ላይ ጎማ ፈነዳ፤ ፀሐይ ላይ ተቀምጠን ዋልን ማለት ይቻላል።

ቤቱ ደህና ነው። ቆርቆሮው አላፈሰሰም፣ ምስጥ የለም። ስገዛው በሩ በጓሮ በኩል ነበር። በገበያው መንገድ በኩል ያለው ጎን ዝም ያለ የጭቃ ግድግዳ ነበር። እኔ ግድግዳውን አስፈርሼ ወደ ገበያው ሰፊ የሱቅ በር አወጣሁ፤ የጓሮውን በር በጭቃ አስደፈንኩት። መኖሪያ ቤት ገዝቼ ሱቅ አደረግሁት ብዬ ስንት ሰው ፊት ተኩራርቻለሁ።

ሰይድን አዲሱ ሱቁ ሄጄ አገኘሁት። ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ጨዋ ሰው። ሻይ አስመጣልኝና አንገቱን ደፍቶ ተናገረ። «የሰው እናት ከጓሮዬ ቆመው እያለቀሱ እኔ እንዴት ጨርቅ እለካለሁ? ደንበኛው እሳቸውን ሲያይ ከደጅ ይመለሳል። ሚስቴ ደግሞ ግድግዳው ይንኳኳል ትላለች፤ ልጆቹን ይዛ አልገባም አለች።»

የማን እናት? እማማ ብርነሽ። ቤቱን የሸጠችልኝ የጥሩዘር እናት።

ሲመሻሽ በዓይኔ አየኋቸው። አሮጊቷ በጓሮ መጥተው በሩ የነበረበት ቦታ ላይ ቆሙ። አላለቀሱም። ግድግዳውን በመዳፋቸው ይዳብሱታል፤ ትኩሳት የያዘውን ልጅ ግንባር እንደምንዳብሰው። ቀስ አድርገው ሁለት ሦስት ጊዜ መቱት። ከውስጥ ሆኜ በስንጥቅ አየሁ። ወጥቼ ደህና ዋሉ ማለት አቃተኝ።

ረቡዕ

ጥሩዘርን ቤቷ ሄጄ ያዝኳት። ተቆጥቼ ነበር የገባሁት።

ወንድም ነበራት፣ ሙሉቀን የሚባል። ሰሊጥ አጨዳ ብሎ ሁመራ ወረደና ቀረ። አብረውት የወረዱት ሲመለሱ ንዳድ ገደለው አሉ። ሽማግሌዎች እንደ ወጉ ማለዳ መርዶ ሊነግሩ መጡ። እማማ ብርነሽ በሩ ላይ ቆመው፣ «መቃብሩን ያየ ይናገር» አሉ። ያየ የለም። ሽማግሌዎቹ መርዶውን ይዘው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ አልተለቀሰም፣ ተዝካር አልወጣም፣ ጎረቤት እግዜር ያጥናችሁ ማለት አይችልም። እርሙ ያልወጣ ቤት ነው የገዛሁት።

«ስትሸጪልኝ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቅሽኝማ። ያገሩ ሰው ቤት ሲገዛ መጀመሪያ ጎረቤት ያነጋግራል።»

እውነቷን ነው። እኔ ምሰሶውን አንኳኳሁ፣ ቆርቆሮውን ቆጠርኩ። ሰው አላነጋገርኩም።

ስወጣ ተከትላኝ መጣች። «እማዬ እንኳ መሸጡን ፈቅዳ ነበር። ቤቱ የማንም ይሁን፣ ልጄ በሩን ያውቀዋል አለች። አንቺ በሩን ትደፍኛለሽ ብሎ ማን አሰበ?»



ሐሙስ

ያሉኝ መንገዶች፦

መሸጥ። ማን ይገዛል?

ባዶውን መተው። ምስጥ ይበላዋል፤ እኔንም ይበላኛል።

ጓሮውን ማጠር።

ሦስተኛው የመጣው ከአንዲት ጠጅ ነጋዴ ነው። ጠዋት መጥታ ቤቱን ዞራ አየች፣ ወደደችው። ለፋሲካ ልክፈትበት አለች፤ ከሰይድ የተሻለ ልትከፍል። «አሮጊቷን ብቻ አርቂልኝ» አለች። አጥር ካጠርኩ እማማ ብርነሽ በጓሮ መግባት አይችሉም። ወዲያው አናጺውን አስጠራሁት፤ ያንን በር የደፈነልኝ እሱ ነው። ጓሮውን በዓይኑ ለካና መጥረቢያውን አነሣ።

«አጥር አጥራለሁ፣ ሙያዬ ነው። እናት ላይ ግን አላጥርም። ሌላ ሰው ይፈልጉ።»

አፈርኩ። ከዚያ ተናደድኩ። ከዚያ እንደገና አፈርኩ።

ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ቤቱን ስጠርግ ግድግዳው ተመታ። በመዳፍ፣ ቀስ ብሎ። እማማ ብርነሽ ናቸው ብዬ ዞሬ ወጣሁ። ጓሮው ባዶ ነው። ጾም ስለሆነ ቅዳሴው ከሰዓት ነው፤ እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ናቸው። ስመለስ ደግሞ ተመታ።

የጤና ሰው ነኝ። ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ድምፅ ያሰማል። ይኸው ጻፍኩት። ግን ፈርቻለሁ። መጥረጊያውን ጥዬ ወጥቼ ሆቴል ነው ያለሁት።

ዓርብ

ቆረጥኩ። በሩን እከፍተዋለሁ።

ደግ ሆኜ አይደለም፤ እውነቱን ልጻፍ። አስቤበት ነው። በሩ ከተከፈተ እማማ ብርነሽ ገብተው ያያሉ፣ ልባቸው ያርፋል፣ በገበያው በኩል ሱቁ እንዳለ ይሆናል። ሰይድም ይመለሳል። ጠጅ ነጋዴዋን አሰናበትኳት፤ አኮረፈች።

አናጺው ስጠራው ወዲያው መጣ። ሲያፈርሰው ጎረቤቶች በየአጥራቸው ብቅ ብቅ አሉ። ከቀትር በኋላ ብርሃን በጓሮ ገባ። ቤቱ ሌላ ቤት መሰለ፤ ለካ ሳልፈልግ አጨልሜው ኖሯል። ለጥሩዘር ሄጄ ነገርኳት። እጄን ሳመችኝ።

ደስ ብሎኛል። የሚያንኳኳም የለም።

ቅዳሜ



ማለዳ እማማ ብርነሽ በጥሩዘር ተደግፈው መጡ። ነጭ ለብሰዋል፤ ጸጉራቸው በቅቤ ወዝቷል፤ እንግዳ የሚቀበል ሰው ነው የሚመስሉት።

«በሩን የከፈትሽው አንቺ ነሽ? እግዜር ይስጥሽ ልጄ። ቤትሽ ይሙላልሽ።»

በርጩማ አምጡ አሉ። ፊታቸውን ወደ በሩ አድርገው ተቀመጡ። የገበያ ቀን ነው፤ ለፋሲካ ከሁመራ የሚመለሱ ወጣቶች ከገበያተኛው ጋር በጓሮው መንገድ ያልፋሉ። እማማ ድምፅ በሰሙ ቁጥር ቀና ይላሉ። አንዱ ጎረምሳ ቆሞ ሰላም አላቸውና ቶሎ ሄደ። ጥሬ አቀረብንላቸው፤ አልቀመሱም። ጥሩዘር ዓይኗን ከኔ አሸሸች።

ፀሐይዋ ስታዘነብል እንዲህ አሉኝ፤ ድምፃቸው የተረጋጋ ነበር። «ድሮ ዝናብ ነው ያገተው እል ነበር። ኋላ ደግሞ መጥቶ በሩን ቢያጣ ተመልሶ ነው አልኩ። ለካ አንቺ ስትደፍኚው ደግ ነገር ሠርተሽልኝ ነበር። ዛሬ በሩ ክፍት ነው፤ እሱ ግን አልመጣም። ምን ልበል አሁን?»

«ይመጣ ይሆናል እማማ» አልኳቸው። ውሸቴን ነው። ሁመራ ላይ ንዳድ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ።

«ተይ ልጄ» አሉ።

ተነሡ። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ፣ ወገባቸው ላይ ታጠቁት። በሩ ላይ ቆመው ስሙን ጠሩ። አንዴ ብቻ። ከዚያ የወጣውን ድምፅ መጻፍ አልችልም።

ጓሮው በሰው ሞላ። ጎረቤቱ ሁሉ ይህን ቀን ሲጠብቅ የኖረ ይመስል በየአጥሩ እየዘለለ መጣ። ያ አናጺ ሳይቀር ደረቱን እየመታ ገባ። ሽማግሌዎቹ ያልቻሉትን መርዶ እኔ ነገርኳቸው፤ ለሱቅ ስል።

እሑድ

ለቅሶው ቤቴ ውስጥ ነው። መደርደሪያውን ነቅለን አወጣን፤ ቄጠማ ጎዘጎዝን። የቤቱ ባለቤት እኔ ስለሆንኩ ቆሜ ሰው ስቀበል ዋልኩ። የማላውቃቸው ሰዎች እግዜር ያጥናሽ ይሉኛል፤ አሜን እላለሁ።

ሰይድ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር መጣ። ሲወጣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ከአርባው በኋላ ዕቃዬን እመልሳለሁ፤ ለሌላ እንዳያከራዩት» አለኝ። ለዚህ ነበር የመጣሁት። ሲለኝ ግን በጭንቅላቴ ብቻ እሺ አልኩት።

አመሻሹ ላይ እማማ ብርነሽ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ድምፃቸው ተዘግቷል። እጄን ይዘው የጓሮውን በር በአገጫቸው አሳዩኝ።

«ድፈኚው እንግዲህ፣ ልጄ። ብርድ ያስገባል።»

 ነገ ወደ ቢቸና መመለሻዬ ነው። አናጺው ጠዋት መጥቶ ምን ላድርግ ይለኛል። ምን እንደምለው እስካሁን አላውቅም።