ማቀዝቀዣው በር ላይ ያለችው ጠርሙስ

ሰኞ

ሕሊና ክኒኗን አቁማለች። አልነገረችኝም፤ ማሸጊያው ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ሳይነካ እንደተቀመጠ ስላየሁ ነው ያወቅኩት። ስጠይቃት፣ "ፊቴን አሳበጠኝ እማዬ፤ ደግሞ የተሻለ አግኝቻለሁ" አለችና ትንሽ ብልቃጥ አሳየችኝ። ውስጧ ነጭ ዱቄት። ፔፕታይድ ይባላል። የአንጀቷን ብግነት ያጠፋል፣ ክርኗ ላይ ያለውን ቀይ ቁስልም ያደርቃል ተብላ በቴሌግራም ያዘዘችው ነው። ልጄን አሁንም ደም ያስቀምጣታል። ስጠይቃት ግን ሁልጊዜ መልሷ "ደህና ነኝ" ነው።

ማክሰኞ

ሥራ ስትሄድ ብልቃጧን አንስቼ በመነጽርና በመዝገበ ቃላት አነበብኩ። "ለምርምር ብቻ። ለሰው አይውልም።" ስልኬ ላይም ፈለግኩ። በአይጦች አንጀት ላይ ተስፋ ሰጥቷል፤ በሰው ላይ ገና በደንብ አልተፈተነም። ይጎዳል አይልም። አይታወቅም ነው የሚለው። ይሄኛው ይበልጥ አስፈራኝ።

ራት ላይ ነገርኳት።

"አባዬን ክኒን አስጥለሽ ጠበል የወሰድሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ? አሁን ደርሰሽ ሳይንቲስት ሆንሽ?"

ወዲያው ደነገጠችና ይቅርታ ጠየቀችኝ። ስለ አባቷ እንዲህ ስትል ከአፏ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

እውነቷን ነው። አባቷ ታደሰም የአንጀት በሽተኛ ነበር። ጠበልና መድኃኒት አብረው አይሄዱም ብዬ ክኒኑን ከእጁ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ቄሱ እንኳ እንዲያ አላሉም።

ረቡዕ

ጠዋት ሳህን ሳጥብ ታደሰ ከኋላዬ "ውሃ ስጪኝ" አለኝ። ከመሞቱ በፊት የነበረው ድምፁ፣ የደረቀው። አልዞርኩም። ብዞር ባዶ ወንበር እንደማይ አውቃለሁ።

ሕሊና ዱቄቱን ስትበጠብጥ በር ላይ ቆሜ ጀርባዋን አየሁ። በምን እንደምትበጠብጠው ጠየቅኳት። "ንጹሕ ውሃ አለኝ፣ አትጨነቂ።" ሕሊና በምትሠራበት ወርቅ ቤት አብራት ያለችው ልጅ ነርስነት ተምራለች፤ ነገ ምሳ ሰዓት ላይ መርፌውን ትወጋታለች።

ሐሙስ

ወተት ላወጣ ማቀዝቀዣውን ከፈትኩ። በሩ ላይ ያለችው ትንሽ ጠርሙስ ውሃዋ ጎድሏል።

ታደሰ የሞተ ዕለት የቀዳሁት ጠበል ነው። ሰው የሚረግጠው ቦታ አይደፋም፤ ልጠጣው ደግሞ አልደፈርኩም። እንዲሁ ዓመታት ቆየ። ላይዋ ላይ ምንም አልጻፍኩም። ምን ብዬ ልጻፍ?

ደወልኩ። አታነሳም። ነጠላዬን እንኳ በትክክል ሳልለብስ ፒያሳን በሩጫ አቋረጥኩ። ጉልበቴ አሁንም ያመኛል።

የወርቅ ቤቱ ባለቤት ሲያየኝ፣ "ምነው እማማ በሩጫ? ቀለበት ከሆነ ቀስ ይበሉ፣ ሙሽራው አያመልጥም!" አለኝ። ባንኮኒውን አልፌ ወደ ጓዳ ገባሁ። ልጅቷ የሕሊናን ሆድ በአልኮል እየጠረገች ነበር።

"የበጠበጥሽበት ውሃ ጠበል ነው" አልኳት ሕሊናን። "አባትሽ የሞተ ዕለት የቀዳሁት።"

"ለዓይንሽ ማጠቢያ የገዛሽው የተጣራ ውሃ መስሎኝ…" አለች ሕሊና።

ልጅቷ መርፌውን አስቀመጠች። "በሉ እኔ የለሁበትም! የስንት ዓመት ውሃ ቆዳ ሥር?"

ሕሊና ሳቀች። ሳቋ መሃል ላይ ለቅሶ ሆነ። "እስከ ዛሬ አስቀምጠሽው ነበር?" አለችኝ።

ዓርብ

ሐኪሟ ዘንድ አብረን ሄድን። ብልቃጧን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። አልተቆጣትም። "ይሥራ አይሥራ እኔም አላውቅም፤ ስለማላውቅ ነው የማልሰጥሽ" አላት። የተቆጣው ክኒኑን በድንገት በማቆሟ ነው። እንደገና አስጀመራት። ቀስ በቀስ ቀንሶ ወደ ሌላ ይቀይርላታል።

በመንገድ ላይ ክንዴን ይዛኝ ነበር።

ቅዳሜ

የቀረውን ጠበል ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ወስደን እግር የማይደርስበት የዛፍ ሥር አፈሰስነው። ጠርሙሷን የያዘችው እሷ ናት።

ቤት ስንደርስ እንዴት እንደሆነች ጠየቅኳት። "ዛሬም ደም አለ" አለችኝ። ደህና ነኝ አላለችም።

ከዚያ ክኒኗን መዳፏ ላይ አድርጋ፣ "እማዬ፣ ውሃ ስጪኝ" አለች።

ከኋላዬ ነበር ያለችው። ዞርኩ። ወንበሩ ላይ እሷ ነበረች። ቀድቼ ሰጠኋትና እስክትውጥ ድረስ ቆሜ አየኋት።