መብራት በወረደ ቁጥር

ሰኞ

ዛሬም አራት ጊዜ ወረደ። ጭራሽ ቢጠፋ ይሻለኝ ነበር፤ ሲጠፋ ወፍጮው ይቆማል፣ በቃ። ሲወርድ ግን አምፖሉ ይደበዝዛል፣ ሞተሩ ያጉረመርማል፣ ድንጋዩ እህሉን እንደያዘ ይንገታገታል። ሞተሩን በእጄ ነካሁት። ያቃጥላል።

ባለቤቴ አንጓች ለመውለድ ፈረስ ቤት ከተማ እናቷ ዘንድ ከሄደች ሦስት ሳምንቷ። የመጀመሪያ ልጃችን ነው። ቅዳሜ እደርሳለሁ ብያታለሁ። ደወልኩ፤ ኔትወርክ የለም። እጄ ለምዶ ለሁለት ሰው የሚበቃ ሽሮ ሠራሁ፤ ግማሹ ተረፈ።

ማክሰኞ

ሞተሩ ተቃጠለ። የእማማ ውዴን ጤፍ እየፈጨሁ መብራቱ ወረደ። ላጠፋው ስሮጥ ጭስ ቀደመኝ። ሽታው አሁንም ልብሴ ላይ አለ።

እማማ ውዴ «አይዞህ ልጄ፣ ሰው አልተጎዳም» አሉኝ። በቀበሌው ሌላ ወፍጮ የለም፤ ሰዉ ሁሉ እህሉን በአህያ ጭኖ ቡሬ ሊሄድ ነው። አፈርኩ።

ረቡዕ፣ ፍኖተ ሰላም

ሞተሩን በአይሱዙ ጭኜ መጣሁ። የሞተር ሽቦ የሚጠቀልሉት ጋሽ ደሴ ከፈቱት፤ ውስጡ ከሰል መስሏል።

«መብራት ይወርድብሃል?» አሉኝ።

«በየቀኑ።»

«ሞተር ኃይል ሲያንሰው ሸክሙን አይጥልም፤ ከረንት አብዝቶ ይስባል፣ በዚያው ይግላል። ዝም ብዬ ብጠቀልልልህ በወሩ ትመለሳለህ። የሚያወርደውን ፈልግ።» የኃይል መለኪያ ቴስተራቸውን አዋሱኝ። ሞተሩን ዓርብ ጠዋት ይልኩልኛል።

መናኸሪያ ስደርስ ረዳቱ «ደምበጫ! ደምበጫ!» ይላል። ከደምበጫ ወዲያ ፈረስ ቤት ነው። አንድ እግሬን መኪናው ላይ አድርጌ ቆምኩ። ከዚያ የቡሬውን ያዝኩ።

ሐሙስ

ቴስተሩን ይዤ ስጠብቅ ዋልኩ። ቁጥሩ 380 ቮልት አካባቢ ይቆይና ድንገት 290 ይሆናል። ሦስት ሰዓት ከሩብ። አራት ሰዓት። አምስት ሊሆን ሲል። በሦስተኛው ጆሮዬ ያዘው፦ ከመንገዱ ማዶ የአያ ታረቀኝ አዲሱ የእንጨት መሰንጠቂያ ሲነሣ ነው! ወፍራም ግንድ ሲገባበትማ ወርዶ ይቆያል። ሁለታችን በአንድ ትራንስፎርመር ላይ ነን።

ሄጄ ነገርኳቸው። «የእኔ መጋዝ ነው መብራት የሚያወርደው? ይኼ ምቀኝነት ነው!» አሉ ሠራተኞቻቸው ፊት። ቴስተሩን ይዤ ተመለስኩ።

ከሰዓት አንጓች ደወለች። «ቅዳሜ አትቀርም አይደል?»

«አልቀርም።» ስለ ሞተሩ አልነገርኳትም። እንዳትዘጋው ብዬ ስለ ዶሮዎቹ ሳይቀር አወራሁ። ከዘጋች በኋላ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ረስቼው ነበር።

ዓርብ

ሞተሩ መጣ። ከመግጠሜ በፊት አያ ታረቀኝን «አንዴ ብቻ መጥተው ይዩልኝ» ብዬ ለመንኩ። ፊታቸውን እንዳጠቆሩ መጡ። መጋዙ ተነሣ፣ ቁጥሩ ወረደ። አስቁመው አስደገሙት። እንደገና ወረደ።

«ለካ የእኔም ሞተር የሚግለው በዚህ ነው» አሉ በመጨረሻ። ተስማማን፦ ጠዋት ወፍጮ፣ ከሰዓት መጋዝ።

ሊወጡ ሲሉ «ባለቤትህ ወለደች?» አሉኝ።

«ገና ናት። ነገ እደርሳለሁ ብያት ነበር፤ ግን ወፍጮውን ለማን...»

«ሂድ እንጂ! እኔ የለሁም? ለትናንቱም ካሳ ይሁነኝ።»

ማመን አቃተኝ። ሞተሩን ገጥመን እስከ ምሳ ድረስ አብረን ፈጨን። ሞተሩ አንድ ጊዜም አላጉረመረመም።

ቅዳሜ፣ ደምበጫ

የፈረስ ቤት አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው። አሁን አማቴ ደወሉ። «ስማት!» ብለው ስልኩን ወደ ሕፃኗ ለቅሶ አስጠጉት። ሴት ናት። ጎህ ሲቀድ ተወልዳለች። ስትመጣ እዚያ አልነበርኩም።

አንጓች ስልኩን ተቀበለች። ይቅርታ ልላት ስል ቀደመችኝ።

«አትቸኩል» አለችኝ በደከመ ድምፅ፤ «የትም አንሄድም።»

አውቶቡሱ ለመሙላት ሦስት ሰው ይቀረዋል። በመስኮት መንገዱን አያለሁ። አሁን ሁለት።