ሰም፣ ሙጫና የጦይባ ጉንጭ

ባሕር ዳር፣ ጥር ፲፪ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ለጦይባ እናት ለመዲና፣

ሰላም ላንቺና ለወንድምሽ ለቡርሀን ቤት ሁሉ ይሁን። ቡርሀን ይህን ሲያነብልሽ ያልጣመውን እንዳይዘል ንገሪው፤ ያ ልማድ አለበት።

ተቆጥተሽ ወረታ ከሄድሽ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። በመሄድሽ አይምሰልሽ፤ በሥራዬ ነው።

የጣሊያኑ መቶ አለቃ ልጃችንን ወደቡ ላይ ከነሻሿ ከሩቅ አይቶ፣ ገረድ ትሁነኝ ብሎ ሲልክብን፣ «አመድ ቀብተን ታማለች እንበል» አልሽ። እንቢ አልሁ። ሐኪም አላቸው፤ ግንባሯን አንዴ ቢነካ ውሸታችን ይወጣ ነበር። በመተማ መንገድ ስነግድ ጉንጫቸውን በምላጭ የተበጡ ሰዎች አይቻለሁ። ሦስት ሦስት መስመር፣ እንደ ገመድ ያበጠ። ለእነሱ ጌጥ ነው፤ ጣሊያን ግን አይቶ ይጸየፋል ብዬ ወሰንሁ።

የውሸት ጠባሳ አሠራር ያስተማረኝ የለም። ሰም ብቻውን ፀሐይ ላይ ቀለጠ። የግራር ሙጫ ብቻውን ተሰነጠቀ። ሁለቱን ቀላቅዬ፣ ከሥር የመረብ ክር አጋድሜ፣ በጥላሸት ሳጠቁረው ጠባሳ ሆነ። በመስመሮቹ ሥር ቆዳዋ እንዳያጋልጠን አስቀድሜ ቀዩን እንሶስላ ቀብቻት ነበር። ጦይባ መስተዋት አይታ፣ «አባዬ፣ እግረ መንገድህን አፍንጫዬንም አቃናልኝ» ብላ ሳቀች። ያለቀስሽው አንቺ ነሽ። «የአላህን ፍጥረት ታበላሻለህ፣ አንተ ሰውዬ!» ብለሽ ጓዝሽን አነሣሽ። ልጅቷን ልትወስጂ ብትዪም፣ መቶ አለቃው ሳያያት ከከተማ እንዳትወጣ አዝዞ ነበር። ምላጭ አላስነካኋትም አልሁሽ፤ አልሰማሽም።

ሰኞ ራሱ መጣ። ሻሿን ገለጠች። ቆሞ አያት፤ ከዚያ ፈገግ አለ። አስተርጓሚው ተክለ ጊዮርጊስ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣

«አባቴ፣ በጣም ደስ ብሎታል» አለኝ።

«ምኑ ነው ደስ ያለው?»

«ጠባሳው ነዋ። እንዲህ ያለ ፊት እያፈላለገ ፎቶግራፍ ያስነሣል። ዓርብ አንሺውን ይዞ ይመጣል። ከዚያ ለአለቆቹ ሊያሳያት ጎንደር ይወስዳታል።»

«አይሆንም በለው!»

«እሱን እንኳ አልተረጉምም፣ አባቴ። ልጆች አሉኝ።»

ሥራው መጥፎ ቢሆን ኖሮ እዚያው ይነቃብን ነበር። አልነቃም። አንድ ጉድለት አልነበረበትም። የሚያቃጥለኝም ይኸው ነው።

ጠባሳውን በሙቅ ውሃና በቅቤ አነሣሁት። እንሶስላው ግን እንቢ አለ። በሎሚ አሸሁት፣ በአሸዋ አሸሁት፤ እሷ ጮኸች እንጂ እሱ አልለቀቀም። አሁን ከፊትሽ ቆማለች፤ መስመሩን አይተሽ ሳትጮኺ አትቀሪም። የእንሶስላን ነገር አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ አላውቅም።

ቀዛፊው ሙሀመድየሱፍ በታንኳው፣ በሐይቁ ዳር ደንገል ለደንገል ደብቆ ነው ያመጣት፤ ሳታበሉት አትስደዱት። ወረታ አትቆዩ። ቡርሀን ዛሬውኑ ወደ ደጋ ዘመዶቻችሁ ያውጣችሁ።

እኔ አልመጣም። ቤቱ ባዶ ከሆነ ወዲያው ይከተሏችኋል፤ ከውስጥ የሚያስል ሰው መሰማት አለበት። ነገ የሚመጡት ጠባሳ ፍለጋ ነው፤ ጠባሳ ይቆያቸዋል። የተረፈውን ሰምና ሙጫ አቅልጬ በገዛ ጉንጬ ላይ አድርጌዋለሁ። ከጦይባው ይልቅ አምሯል። ፎቶግራፉን እስኪጠግቡ ያንሡ። እናንተ እስክትርቁ ድረስ ስለ እያንዳንዱ መስመር የማወራላቸው አላጣም።

አላህ ከዓይናቸው ይሰውራችሁ። ልጄን ብርድ እንዳይመታት፤ ጋቢዬን ሰጥቻታለሁ፣ አልፈልግም ብትልሽ አትስሚያት።

ሰሙ በጠጉር ላይ አልይዝ ስላለኝ ጺሜን ላጭቼዋለሁ። ይህን ለማንም እንዳታወሪ።

ባልሽ አብዱልወሃብ