ስለታጠቡት ቁልፎችና ስለ ሣጥኗ አርባኛ ዓመት

ይድረስ ለኮምፒውተር ኩባንያው የአርባኛ ዓመት መታሰቢያ ዝግጅት ኃላፊ፣ ለሆነውም ሁሉ ተጠያቂ ለማደርግዎ ለክቡርነትዎ።

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ወገብዎስ? ኮምፒውተሬን ከሦስተኛ ፎቅ ተሸክመው ሲወርዱ «ቀላል ናት እኮ» እያሉ ያቃስቱ ስለነበር ሰባት ወር ሙሉ ሳስብልዎት ከርሜያለሁ። እኔ ደህና ነኝ። እንደ እርስዎ ያለ ትልቅ ሰው የሚያስብልኝ ሴት እንዴት ደህና አልሆንም።

በጋዜጣ የምጽፍልዎ ከዚህ በፊት ወደ ቢሮዎ የላክኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች መልስ ስላጡ ነው። ምናልባት የእጅ ጽሑፌ አስቸግሮዎት ይሆናል፤ ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ አራት ዓመቴ ስለሆነ መስመር መጠበቅ እስካሁን አይሆንልኝም። ማተሚያ ቤቱ አቃንቶልኛል፤ አሁን ያለችግር ያነቡታል። ቅሬታዬንም እንደ ቢሮዎ ደንብ በቁጥር አስቀምጫለሁ።

፩. ስለ ምስጢር አጠባበቅዎ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ኩባንያዎ ከአርባ ዓመት በፊት ያወጣትን፣ ሰው ሁሉ «ሣጥኗ» የሚላትን፣ እኔም ቤት አንዷ ያለችውን ኮምፒውተር በልዩ የመታሰቢያ ሞዴል እንደገና ሊያወጣ ማሰቡን ለማንም እንዳልናገር እጄን ይዘው ለመኑኝ። የመጡበት መኪና ግን የኩባንያው አርማ በሁለቱም በሮቹ ላይ ተስሎበት ግማሽ ቀን ደጃችን ቆሞ ነበር። እርስዎ መንገዱን ሳይታጠፉ ፀጉር አስተካካዩ ደረጃውን ሮጦ ወጣና «እማማ፣ በመስታወት ሊሠሯት ነው አሉ፤ ሆድ ዕቃዋ ሁሉ ይታያል» አለኝ። የታችኛው ፎቅ ልብስ ሰፊ ይህን ሰምታ «ሂድ ወዲያ፣ መስታወት የአንተ ቤት ነው ያለው፤ ቅርፊቷን ሳይነኩ ውስጧን ብቻ ነው የሚቀይሩት» ብላ አሳፈረችው። እርስዎ ደግሞ በሬዲዮ ቀርበው «ማረጋገጥም ማስተባበልም አንችልም» አሉ። ከዚያ ወዲያ ዳቦ ልገዛ በወጣሁ ቁጥር የሚያስቆመኝ በዛ። አንዱ ወርቅ ቅብ ናት ይላል፣ አንዱ በቁጥር አርባ ብቻ ነው የሚሠሩት ይላል፣ ሁሉም መልሱን ከእኔ ይጠብቃል። ለኩባንያዎ ማስታወቂያ በነጻ ስሠራ ከረምኩ።

፪. ስለ አክብሮትዎም አመሰግናለሁ። ሣጥኗን «ለአዲሷ ሞዴል ልኬት፣ ለሁለት ሳምንት ብቻ» ብለው ሲወስዱ የርክክብ ቅጽ አወጡና በብዕር ፋንታ የአሻራ ቀለም አስጠጉልኝ። ብዕር ጠየቅኩና ቅጹን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። «አንድ አሮጌ ኮምፒውተር፣ የቁልፍ ሰሌዳው የቆሸሸ» ይላል። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። እቤቴ የመጣ እንግዳ አላሳፍርም ብዬ ፈረምኩ። ይህ የራሴ ጥፋት ነው፤ በእርስዎ ላይ አልደርበውም፤ የእርስዎ ይበቃዎታል።

፫. ቆሻሻ ያሉት ምን እንደነበር ላስረዳዎ። ባሌ ሃያ ሁለት ዓመት በኩባንያችሁ የጥገና ክፍል የሠራ ሰው ነበር። ጡረታ ሲወጣ ልትጣል የነበረችውን ይህችን ሣጥን አድኖ ይዟት መጣ። እኔ ያን ጊዜ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ የተጻፈውን ማንበብ የማልችል፣ ሽሮፑን ከቅባቱ በማሽተት የምለይ ሴት ነበርኩ። የእኛን ፊደል የሚጽፍ ፕሮግራም ከጓደኛው አምጥቶ ጫነባት። ቁልፎቹ ላይ ያለው ግን የባዕድ ፊደል ስለነበር፣ የቁስል ፕላስተር በመቀስ እየቆረጠ በየቁልፉ ለጠፈና በብዕር የእኛን ጻፈበት። «ነ» በጣቴ እየተፋቀ ሦስት ጊዜ ጽፎልኛል። «ጠ» ላይ ሲደርስ እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ስለነበር አንድ እግሯ አጠረች። «ተያት፣ እንደ እኔ አንካሳ ትሁን» አለ፤ በዚያ ዓመት ጉልበቱን ያመው ነበር። ጧት ጧት እሱ አንድ መስመር ይጽፋል፣ እኔ ከሥሩ እደግመዋለሁ፣ ስሳሳት ወንበሩን በእግሩ ይነካል እንጂ አይናገርም።

ከሞተ ስድስት ዓመት ሆነው። ዕድሜውን ሙሉ የጻፈው የጥገና ወረቀት ነው፤ ለእኔ ብሎ የጻፈው እነዚያን ቁልፎች ብቻ ነበር።

ታዲያ ለምን ሰጠሽን ይሉኝ ይሆናል። እኔም እንደ ሰው ሁሉ የራሴ ግምት ስለነበረኝ ነው። ለፀጉር አስተካካዩም ለልብስ ሰፊዋም አልነገርኳቸውም። የነገርኩት ለእርስዎ ነው፤ ደረጃው ላይ፣ «ልጄ፣ ቁልፎቹንም ለክታችሁ አዲሷን እንዲህ በፊደላችን ታወጧት ይሆን?» ብዬ። እርስዎም ሳይዞሩ «ማን ያውቃል እማማ» አሉኝ። ሰባት ወር በዚያች ቃል ኖርኩ። ሌላው ስለ መስታወትና ስለ ወርቅ ሲከራከር እኔ በልቤ እስቅ ነበር፤ እውነቱ እኔ ዘንድ ያለ መስሎኝ።

፬. ባለፈው ሰኞ ሣጥኗ ተመለሰች። ቢጫነቷ ጠፍቶ እንደ ወተት ነጥታለች። ፕላስተሮቹ የሉም፤ ሙጫቸው እንኳን በአልኮል ተጠርጎ ለቋል። ያመጣት ቴክኒሽያን ደስ ሲለኝ ለማየት ቆሞ ጠበቀ። «ያ ሁሉ ልጣፊ ምን ነበር እናቴ? ሁለት ቀን ፈጀብኝ እኮ» አለኝ። እሱን አልተቆጣሁትም፤ የታዘዘውን በደንብ ሠርቷል። በሥራ ትእዛዙ ላይ «ወደ መጀመሪያ ይዞታዋ ትመለስ፤ ቆሻሻው ሙሉ በሙሉ ይወገድ» የሚል አለ፤ ከሥሩ የእርስዎ ፊርማ። እሱንም አነበብኩት።

፭. ከሣጥኗ ጋር የመጣው ፖስታ በበዓሉ ቀን መድረክ ላይ ከጎኗ እንድቀመጥ ይጋብዘኛል። የልዩ ሞዴሉ ፎቶግራፍም አለበት፤ «እስከ በዓሉ ቀን በምስጢር ይያዝ» ተብሎ ተጽፎበታል። እርስዎ ማረጋገጥ ስላልቻሉ እኔ ላረጋግጥልዎ። መስታወት አይደለችም። ወርቅም አልነካትም። ያችው ነጭ ሣጥን ናት፣ በጎኗ አርባ የሚል ቁጥር ተለጥፎባታል፣ ቁልፎቿ ላይ ያለው ያው የባዕድ ፊደል ነው። ጎረቤቶቼ ከዛሬ ጀምሮ በሰላም ፀጉራቸውን ይቆረጡ።

በዓሉ ላይ ከእሷ ጎን አልቀመጥም። ወንበሩ እንዳይባክን ለቆሻሻው ይያዝልኝ።

በአዲሱ ካራቫትዎ አምረው መድረክ ላይ እንዲወጡ፣ ንግግርዎም በጭብጨባ እንዲቋረጥ ከልብ የምመኝ፤

የሣጥኗ ባለቤት፣ የጥገና ባለሙያው ሚስት

ድኅረ ጽሑፍ፦ «ንብረቴን በሙሉ ደህንነት ተረክቤያለሁ» የሚለው ቅጽ ሳይፈረም ተመልሶልዎታል። የአሻራ ቀለሙን ድጋሚ ይዘው እንዳይደክሙ። ስሜን መጻፍ እችላለሁ፤ ማን እንዳስተማረኝም አሁን ያውቃሉ። ከእንግዲህ ግን በእናንተ ወረቀት ላይ አልጽፈውም።