ፊውዙን በኪሳቸው የያዙት የአቶ ሥዩም ቀንዓ የሕይወት ታሪክ

አቶ ሥዩም ቀንዓ ከአባታቸው ከኦቦ ቀንዓ ኢጀታና ከእናታቸው ከወ/ሮ ባየሽ ዱጉማ ግንቦት 9 ቀን 1939 ዓ.ም. በጎጆ ከተማ ተወለዱ። አንደኛ ደረጃን በዚያው፣ ሁለተኛ ደረጃን በአምቦ ተምረው አዲስ አበባ በኤሌክትሪክ ሙያ ሠልጥነዋል። ይህን የምጽፈው ታናሽ እህታቸው ደብሪቱ ነኝ። በወንድሜ ትንሽ ብኮራ አትታዘቡኝ።

በ1966 ዓ.ም. ወደ አምቦ ተመልሰው የወፍጮና የፋብሪካ ሞተር ተከላ ጀመሩ። በዓመቱ ማብሪያውን አጥፍተው አንድ ሞተር ሲያገናኙ፣ ዘበኛው ሳይበራ የተረሳ መስሎት በቅንነት አበራው። ኤሌክትሪኩ ይዟቸው ሁለት የግራ እጃቸው ጣቶች እንደታጠፉ ቀሩ። ዘበኛውን አልተቀየሙትም። ከዚያ ወዲህ ግን ሥራ ሲጀምሩ ፊውዞቹን ነቅለው ኪሳቸው ይከታሉ፤ ሞተሩ ከኮንክሪቱ ጋር በብሎን ጠብቆ፣ የመሬት ሽቦው ተገናኝቶ፣ ዘንጉ በእጅ ዞሮ ካላዩ አይመልሷቸውም። በ1968 ዓ.ም. ያገቧቸው ወ/ሮ ፀዳለ ሥሩር ካፖርታቸውን ከማጠባቸው በፊት ኪስ መፈተሽ ለመዱ። ኡርጌንና ለሊሳንም ወለዱ።

በ1975 ክረምት ለጉደር ገበሬዎች ማኅበር የወፍጮ ሞተር መጣ፤ ያውም ሸራ ባልለበሰ መኪና፣ ዝናብ እየወረደበት። መስከረም 2 ቀን 1976 ዓ.ም. በአብዮት በዓል እንዲመረቅ ታዘዘ። አቶ ሥዩም በመሣሪያ ለኩት፤ የውስጡ የሽቦ ጥቅልል እርጥብ ነበር፤ እንዲሁ ቢነሣ ይቃጠላል። ሞተሩን በሸራ ሸፍነው፣ በውስጡ አምፖሎች አብርተው ማድረቅ ያዙ፤ አምስት ቀን ይፈልጋል አሉ። የበዓሉ ኃላፊ ቀኑ አይለወጥም ብለው ፊውዞቹን ጠየቋቸው። አቶ ሥዩም ስሜን እንደፈለጋችሁ ጻፉት፣ ፊውዙን ግን አልሰጥም አሉ። በዚያ ዘመን እንዲህ ብሎ መመለስ ምን እንደሚያስከትል ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አብዮት አደናቃፊ ተብለው ታሰሩ። እኔና ፀዳለ ስንቅ ይዘን ስንሄድ፣ ስለ ራሳቸው ትተው አምፖሎቹ እንዳይጠፉ ለወፍጮው ሠራተኛ ለአቶ ደሊል ዓብዱልመጂድ እንድንነግር አዘዙን። እውነቱን ልናገር፣ ያን ቀን ተናደድኩባቸው።

በታሰሩ በሦስተኛው ቀን ወሬ መጣ። አብሮት የተጫነው ሌላው ሞተር በሌላ ወረዳ ለበዓሉ ተነሥቶ ወዲያው ተቃጥሏል። ወንድሜን ለቀቋቸው። ይቅርታ የጠየቃቸው የለም፤ እሳቸውም አልጠበቁም፤ ከእስር ቤቱ በቀጥታ ጉደር ሄደው ለኩ። ሞተሩ ደርቆ ነበር። ሳይታሰሩ የደበቋቸውን ፊውዞች በእጃቸው መለሱ፤ የወፍጮው ቀበቶ ሳይገባ አንዴ አስነሥተው አዟዟሩን አዩ፤ ከዚያ የመጀመሪያው እህል ተፈጨ። እስካሁን ሞተሩ ተቃጥሎ አያውቅም። እህላቸውን ተሸክመው አምቦ ድረስ ይመላለሱ የነበሩት የጉደር እናቶች ይመስክሩ።

አቶ ሥዩም በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው በ43 ዓመታቸው የካቲት 14 ቀን 1983 ዓ.ም. ዐርፈዋል። እናታቸው፣ ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና እኔ ቀርተናል። ልጆቼ፣ አባታችሁ ፈርተው አያውቁም አልላችሁም፤ ፈርተውም ፊውዙን አልሰጡም።

ነፍሳቸውን ጌታ ከቅዱሳኑ ጋር በሰላም ያኑር፤ እኛንም ያጽናን። ዛሬ የጉደር ወፍጮ ቆሟል። ቀብሩ ሳይፈጸም ማንም እንዳያስነሣው አቶ ደሊል ፊውዞቹን ነቅለው፣ በኪሳቸው ይዘው፣ እዚህ ከመካከላችን ቆመዋል።