«የለም» ያለው ፕሮግራም

ሐምሌ 28 ቀን 2007፣ ዳባት

ዝናብ። የክረምት ማጠናከሪያ፣ ሦስት ክፍለ ጊዜ። ማንጠግቦሽ ኮምፒውተር ክፍል መጣች። የጎንደር ዝውውር ዝርዝር በድረ ገጽ እንደሚወጣ ሰምታለች። እናቷ ጎንደር ላይ አልጋ ከያዙ ሁለት ዓመታቸው... ሌላ ልጅ የላቸውም። ሁለታችንም የሒሳብ መምህር፣ ሁለታችንም አመልክተናል። ግን ለእሷ ይበልጥ ይገባታል። እከታተልልሻለሁ አልኳት።

ሐምሌ 29

ፕሮግራሙን ጻፍኩ። በየሰዓቱ ገጹን ይከፍታል፣ ስሟን ይፈልጋል፣ ካጣ «የለም» ይላል። አርባ መስመር እንኳ አይሞላም። ኮራሁ።

ነሐሴ 6

የኢንተርኔት መስመሩ ይቆራረጣል። ማንጠግቦሽ በዕረፍት ሰዓት መጣች። ስክሪኑን አየሁ፦ የለም፣ የለም፣ የለም። የለም አልኳት። ነገ ጎንደር ደርሼ ልምጣ እንዴ አለች። ለምን ትደክሚያለሽ፣ ሲወጣ እነግርሻለሁ አልኳት።

ነሐሴ 11

የፊዚክሱ መምህር ቢራራ ከጎንደር ተመለሰ። ዝርዝሩን ትምህርት መምሪያው ግድግዳ ላይ አይቶታል። የወጣው ባለፈው ሰኞ። የማንጠግቦሽ ስም አንደኛ። በአምስት ቀን ውስጥ ቀርቦ ያልፈረመ ቦታውን ያጣል... አርብ አበቃ።

ሮጬ ኮምፒውተር ክፍል ገባሁ። ገጹ ከሰኞ ጀምሮ አንዴም አልተከፈተም። ሳይከፈት ሲቀር ምን እንደሚል ደግሞ አልጻፍኩለትም። ባዶ እጁን ይመለሳል፣ ስሟን ባዶው ውስጥ ይፈልጋል፣ «የለም» ይላል። አንድ ቀን በእጄ ከፍቼ ባየው ምን ነበረበት?

ነገርኳት። አልጮኸችም።

«ያርጋል፣ አልተከፈተልኝም ብትለኝ እኮ በዚያው ቀን መኪና እይዝ ነበር» አለች።



ነሐሴ 13

አብረን ጎንደር ሄድን። ቦታው ለተጠባባቂው ተላልፏል አሉን። ማነው ተጠባባቂው? እኔ። እሷ አጠገቤ ቆማለች። አልፈልግም፣ ለእሷ ይመለስ አልኩ። አይመለስም፣ ከተውከው ለቀጣዩ ነው አሉኝ። መተዌን ፈረምኩ። ማንን ጠቀመ? ምናልባት እኔን፣ ሌሊት እንድተኛ... እሱም አልሆነ። ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ኋላ ሄዳ ተቀመጠች።

ነሐሴ 16

መምህራን ክፍል ስገባ ወሬ ይቆማል። ቦታዋን ተመኝቶ ነው የደበቃት ይላሉ አሉ። መተዌን ቢነግሯቸውም አያምኑም። ፕሮግራሙን አስተካከልኩት። ካልተከፈተለት ቆይቶ ደግሞ ይሞክራል፣ አሁንም እምቢ ካለ «ማወቅ አልቻልኩም» ይላል። የጨመርኩት ስድስት መስመር ነው። ስድስት።

መስከረም 18 ቀን 2008

ማንጠግቦሽ የአሥራ አንድ ዓመት ሥራዋን ለቃ እናቷ ጋ ገባች። ደመወዝ የለ፣ ምን የለ። ሳትሰናበተኝ ሄደች። ዘጠነኛ «ሐ» ክፍሏ ለእኔ ተሰጠ። ገና ጠመኔ ሳላነሳ ስጦታ የምትባል ተማሪ እጇን አወጣች።

«ቲቸር ማንጠግቦሽ መቼ ነው የሚመለሱት?»

አላውቅም አልኳት።

አውቃለሁ።